መጀመሪያ አሮጌውን ሳጥን ክፈተው

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው «ተማሪ ሆኜ የጀመርኩት ጉንፕላ ግማሽ ላይ ቀርቷል፤ አሁን ደሴ ሥራ ይዣለሁ፤ ኤርብረሽ ሳልገዛ መቀባት ይቻላል ወይ? አዲስ ትልቅ ኪት ልዘዝ ወይ?» ብለህ ነው። ለማያውቅ፦ ጉንፕላ ከጃፓኑ የጋንዳም ካርቱን የወጣ፣ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ሮቦት ሞዴል ነው፤ ኪት ሳይገጣጠም በሳጥን የሚሸጠው ነው፤ ኤርብረሽ ደግሞ ቀለም በአየር የሚረጭ መሣሪያ ነው። መቀባቱ ይቻላል። እኔም እዚሁ ደሴ በብሩሽ መቀባት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትልቁን ኪት ግን ለጊዜው ተወው።

እኔም አቋርጬ ነበር። በ2014 ከተማውን ለቀን ስንወጣ የያዝነው ልብስና ሰነድ ብቻ ነው። ስንመለስ ሳጥኑ አልጋ ስር እንዳለ ጠበቀኝ። ለመክፈት ግን ከዓመት በላይ ፈጀብኝ። እጄ የረሳው እየመሰለኝ እፈራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከቶናው በኋላ ከፈትኩትና አንዲት እግር ብቻ ገጣጥሜ ዘጋሁት። በማግስቱ ሌላኛዋን። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ተመለስኩበት። አንተም ያንን ግማሹን ጨርስ። ከዚያ አዲስ ካማረህ 1/144 (ከካርቱኑ ሮቦት 144 ጊዜ ያነሰ) የሆነ፣ ሃይ ግሬድ የሚባለው የኪት ደረጃ ይበቃሃል። የመጀመሪያው የጋንዳም ሮቦት በዚህ መጠን 12 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ በሁለት ሦስት ምሽት ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ኪቶች፣ አምራቹ ባንዳይ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣቸው፣ ሙጫ ይፈልጉ ነበር። የዛሬዎቹ በመጫን ብቻ ይገጥማሉ።

አቆራረጡን አትቸኩልበት። ክፍሎቹ የሚመጡት ከፕላስቲክ ፍሬም ጋር ተያይዘው ነው፤ መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ አድርገህ ቁረጥ፣ ቀጥሎ ጠጋ ብለህ። አንዴ ጠግተህ ከቆረጥከው ፕላስቲኩ ይወጠርና ነጭ ጠባሳ ያወጣል። የቀረውን በምላጭ ላጠው፣ ከዚያ በ400፣ በ600፣ በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያረጠብክ ፈግፍገው።

ከመቀባትህ በፊት ክፍሎቹን በሳሙና እጠብ። የእጅ ቅባት ቀለም አያስይዝም። እኔ የማጥበው ሻይ ማጥለያ ውስጥ አድርጌ ነው፤ አንዲት ትንሽ ክፍል በቧንቧው ቀዳዳ ከሄደች ከየት ታመጣለህ? ሲደርቅ ፕራይመር (ቀለሙን የሚያስይዝ የሥር ቅብ)፣ ከዚያ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም። የመጀመሪያው ቅብ ስስና ዥንጉርጉር ሆኖ ሲታይህ አትደንግጥ፣ ደግመህም አትደርብበት። በደንብ ይድረቅ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ይሞላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከቀለም ቤት የሚሸጠውን ቲነር ፕላስቲኩ ላይ እንዳታደርግ። እኔ የተሳሳተ ቀለም ላስለቅቅ ብዬ ጨርቅ ነክሬ ትከሻውን ጠረግኩት። ላዩ እንደ ማር ተጣበቀ። ደንግጬ በአውራ ጣቴ ያዝኩት፤ የጣቴ መስመር አንድ በአንድ ታትሞ ቀረ። አሁንም መደርደሪያው ላይ ሆኖ ይታየኛል።

ስፕሬይ ላይ ደግሞ የደሴን አየር ታውቀዋለህ። ከ2,400 ሜትር በላይ ነን፣ በክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ቀኑን ሙሉ አይገፈፍም። ነሐሴ ላይ በረንዳ ወጥቼ ማት ክሊር (ቀለሙን የሚሸፍን፣ የማያብረቀርቅ ግልጽ ቅብ) ነፋሁበት። ጥቁሩ ደረት አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። ስፕሬዩ ሲተን ላዩን ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት እዚያ ይያዝና ቀለሙን ያነጣዋል። አሁን በክረምት በብሩሽ ብቻ ነው የምሠራው። ለመጨረሻው ክሊር ጥቅምትን እጠብቃለሁ፣ ካልሆነም ክፍሎቹን ስቴኪኒ ላይ ሰክቼ በካርቶን ይዤ ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ እወርዳለሁ። እዚያ ቆላ ቀመስ ስለሆነ ፀሐዩ ይሻላል። የምትነፋው ግን ደጅ ይሁን፣ ማስክ አድርግ። ቡና እየተፈላ፣ ከሰል እየነደደ ባለበት ቤት በፍጹም አትንፋ፤ ስፕሬዩ እሳት ይይዛል።

ክፍሎቹ ተቆርጠው ሲያልቁ የሚቀረውን የፕላስቲክ ፍሬም አትጣለው። ማንኛውንም አዲስ ቀለም መጀመሪያ እሱ ላይ ሞክር። የአንተ ሳጥን ውስጥ የጎደለ ክፍል ካለ ደግሞ የመመሪያውን ገጽ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው። እኔ ጋ የተረፉ ክፍሎች የሞሉበት የብስኩት ቆርቆሮ አለ፣ ፈልጌልህ ፒያሳ እንገናኛለን።