የጉበት ስብና የቫይታሚን ዲ ማነስ

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ሴት ስሆን አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ሆዴን አሞኝ በተነሣሁት አልትራሳውንድ ጉበቴ ላይ ስብ መኖሩ ተነገረኝ፤ በደም ምርመራ ደግሞ ቫይታሚን ዲ 14 ናኖግራም በሚሊሊትር ሆኖ ተገኘ። እህቴ ከአሜሪካ ባለ 5000 ዩኒት እንክብል ልካልኝ በቀን ሁለት ሁለት እየወሰድኩ ነው። ጉበቴን የጎዳው የቫይታሚኑ ማነስ ይሆን? እንክብሉስ ያድነዋል?

መልስ፦ የማይቆየውን ላስቀድምና፣ በቀን ሁለት እንክብል 10000 ዩኒት ይሆናል፤ አዋቂ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳያልፈው የሚመከረው ጣሪያ ግን 4000 ዩኒት ነው። ቫይታሚን ዲ በስብ የሚሟሟ በመሆኑ ትርፉ እንደ ቫይታሚን ሲ በሽንት አይወጣም፤ ሲበዛ የደምን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ማቅለሽለሽ፣ ብርቱ ጥምና የኩላሊት ጠጠር ሊያስከትል ይችላል። ከ20 በታች የሆነ ውጤት እጥረት ስለሚባል መታከሙ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ብልቃጡን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡና መጠኑን እርሱ ይወስንልዎ።

ፀሐይ በቆዳችን ላይ የምትሠራውም ሆነ ከምግብ የምናገኘው ቫይታሚን ዲ እንዳለ ለሥራ አይውልም፤ በመጀመሪያ ጉበት ይለውጠዋል፣ ቀጥሎም ኩላሊት የመጨረሻውን መልክ ይሰጠዋል። በላቦራቶሪ ወረቀትዎ ላይ ከቫይታሚኑ ስም አጠገብ 25 የሚል ቁጥር ቢያዩ መጠኑ እንዳይመስልዎ፤ ጉበት በቫይታሚኑ ላይ ለውጥ ያደረገበትን ቦታ የሚያመለክት የኬሚስትሪ ቁጥር ነው። የተለካልዎ እንግዲህ በጉበት በኩል ያለፈው ነው። ስለዚህም ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ የሚደድርበት ሕመም) በያዛቸው ሰዎች ዘንድ የቫይታሚኑ ማነስ የተለመደ ሲሆን፣ ሐሞት በአግባቡ በማይፈስበት ሕመም ደግሞ ከአንጀት የሚመጠጠው ራሱ ይቀንሳል።

የእርስዎ ነገር ግን ከዚህ የራቀ ይመስለኛል፤ ስብ ብቻ የያዘ ጉበት ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አያቅተውም። ክብደት ሲጨምር ጉበት ላይ ስብ ይከማቻል፣ ቫይታሚን ዲም በሰውነት ስብ ውስጥ እየተያዘ በደም ያለው ያንሳል፤ ሁለቱ አብረው የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት ቢሮ ለሚውል ሰው ደግሞ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር መኖሩ ብዙም አልጠቀመውም፤ በመስኮት የምትገባው ፀሐይ ብታሞቅም፣ ቫይታሚኑን የሚሠራውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

የጉበት ስብ ባለባቸው ሰዎች ቫይታሚኑ ዝቅ ብሎ መገኘቱ በብዙ ጥናቶች ታይቷል፤ እርሱን በመስጠት ስቡን ለመቀነስ የተደረጉት ሙከራዎች ግን ወጥ ውጤት አላስገኙም። እንክብሉ ለአጥንትዎ ይጠቅማል፤ ለጉበትዎ የተሻለው መንገድ፣ ክብደትዎ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ከ7 እስከ 10 በመቶውን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው፤ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። የደም ስኳርዎን፣ እንዲሁም ሄፓታይተስ ቢና ሲን ካልተመረመሩ ይመርመሩ፤ ቢ በአገራችን ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት የሚኖር ቫይረስ ሲሆን፣ በአልትራሳውንድ ስብ መታየቱም የለም አያሰኝም።