«እኔ አላዘዝኩም» ማለት ከፍርድ ያድናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቡድን መሪ ነኝ። በሥሬ ያለ ባለሙያ አንዲትን እናት ለቤታቸው ካርታ ገንዘብ ጠየቃቸው። እናቲቱ ኮሪደር ላይ አስቁመው ሊነግሩኝ ጀመሩ። ስብሰባ ረፍዶብኝ ስለነበር «አጣራለሁ» ብያቸው አለፍኩ። ከዚያ ረሳሁት። ተበድረው መክፈላቸውን የሰማሁት ቆይቶ ነው። ባለሙያው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ኃላፊያችን «ጥፋቱ የግለሰቡ ነው» አሉ። በቅርቡ ደግሞ ሥልጠና ላይ፣ በእንግሊዝ አገር አንድ ሚኒስትር ሠራተኞቹ ባጠፉት ጥፋት ሥልጣኑን እንደለቀቀ ነገሩን። አንዳንዶቻችን ሳቅን። ሁሉም በገዛ ኃጢአቱ ይጠየቃል አይደል የሚለው መጽሐፉ? ሚኒስትር ባላየውና ባላዘዘው ነገር ይጠየቃል? እኔስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን። ጥያቄህ ስለ ሚኒስትር ነው፤ እኔን ግን የያዘችኝ ያቺ ኮሪደር ናት። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ከጥቅሱ እንጀምር። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 «ኃጢአት የምትሠራ ነፍስ እርስዋ ትሞታለች» ይላል። እውነት ነው። ጉቦ የተቀበለው ልጅ ኃጢአቱ የራሱ ነው። ማንም ሚኒስትር በእሱ ፈንታ ንስሐ ሊገባለት አይችልም። ግን ያው ነቢይ ምዕራፍ 33 ላይ ስለ ጉበኛው፣ ስለ ከተማው ጠባቂ፣ ይናገራል። ጉበኛው ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ካልነፋ፣ የሞተው ሰው በኃጢአቱ ሞቷል፤ ደሙን ግን እግዚአብሔር ከጉበኛው እጅ ይፈልጋል። ልብ በል፣ አንድ ዕዳ ለሁለት አልተካፈለም። ዕዳው ሁለት ነው። ያጠፋው ባጠፋው፣ የተሾመው በተሾመበት ይጠየቃል።

አሁን የናቡቴን ታሪክ አስታውስ፤ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 21 ላይ ነው። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ፈለገ። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ንጉሡ ፊቱን አዙሮ ተኛ፣ እህል አልቀምስም አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የሠሩት ሌሎች ናቸው። ደብዳቤውን የጻፈችው ሚስቱ ኤልዛቤል ናት። ሐሰተኛ ምስክር አቁመው ናቡቴን በድንጋይ ያስወገሩት የከተማው ሽማግሌዎች ናቸው። አክዓብ አንድ ድንጋይ እንኳን አልወረወረም። መዝገቡ ቢመረመር የእጅ ጽሑፉ አይገኝም፤ የሚገኘው ማኅተሙ ነው። ደብዳቤው በስሙ ተጽፎ በማኅተሙ ታትሟል። ኤልዛቤልም ሆነች ሌሎቹ የየራሳቸው ፍርድ አላቸው። ነቢዩ ኤልያስ ግን ገድለህ ወረስህ ወይ ብሎ እንዲጠይቅ የተላከው ወደ አክዓብ ነው።

ማኅተም ምን እንደሆነ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ያቺ ክብ ካላረፈችበት ደብዳቤ ተራ ወረቀት ነው። እናቲቱ የተበደሩት ልጁን አምነው አይደለም። ማኅተሙ በእሱ እጅ በኩል እንደሚመጣ ስላዩ ነው። ሹም በስሙ በሚታተመው ነገር ይጠየቃል የምለው ለዚህ ነው።

የሳቃችሁበት እንግሊዛዊም ነገሩ የመሬት ነበር። ክሪቼል ዳውን በሚባል ቦታ መንግሥት በ1938 እ.ኤ.አ. 725 ኤከር መሬት ለአየር ኃይል የቦምብ መለማመጃ ብሎ ከባለቤቶቹ ገዛ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ መሬቱ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ዞረ እንጂ ለባለቤቶቹ አልተመለሰም። አቤቱታ ተነሣ፣ አጣሪ ተሾመ፣ አጣሪውም የሚኒስቴሩን ሠራተኞች ክፉኛ ነቀፈ። በሐምሌ 1954 እ.ኤ.አ. ሚኒስትሩ ቶማስ ዳግዴል ፓርላማ ፊት ቆመው መልቀቃቸውን ተናገሩ። ሠራተኞቼ ሲሳካላቸው ምስጋናውን እኔ እንደምወስድ ሁሉ፣ ሲሳሳቱም ኃላፊነቱ የእኔ ነው የሚል ሐሳብ ነበር ያቀረቡት።

ይህ ምኑ ያስቃል? ሹም መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቆርጣል። አስፋልቱን እሱ አላነጠፈም፤ ግን ይጨበጨብለታል፣ እኛም አይገርመንም። ባልሠራው መመስገኑ ካልገረመን፣ በስሙ በተሠራው ጥፋት መወቀሱ ለምን ይገርመናል?

ከዳግዴል በኋላ እዚያው አገር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነገሩን ለይተው አስቀመጡት። ሚኒስትር ያላወቀውንና የማይደግፈውን የሠራተኛ ጥፋት ልክ ነው ብሎ እንዲከላከል አይገደድም። ስለተፈጠረው ነገር ለፓርላማ መልስ ከመስጠት ግን አያመልጥም። እኔም ይህን እቀበላለሁ። ሥልጣን መልቀቅ ሁልጊዜ ግዴታ ነው አልልም። ወጥቶ የሆነውን መናገር፣ የተበደለውን መካስ፣ ቀዳዳውን መድፈን ግን ግዴታ ነው። ደግሞ የባዕድ ፈሊጥ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። በአንቀጽ 76 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤትን ተጠሪነት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ በሚወስነውም ሁሉ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያደርገዋል።

እኛ ወሎዎች ደግሞ ይህን ነገር በአንቀጽ ብቻ አይደለም የምናውቀው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሀብ ሰው ከየገጠሩ ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ መኪና እየለመነ አልቋል። ረሀቡ ለምን ተደበቀ የሚለው ጥያቄ በኋላ በመርማሪ ኮሚሽን ፊት ቀረበ። ይህ ትክክለኛ መንገድ ነበር፤ ሹም ተጠርቶ፣ ተጠይቆ፣ መልስ ይሰጣል። ግን ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከነሱ መካከል የቀድሞ ሚኒስትሮች ነበሩ። ያንን ተጠያቂነት ብሎ የሚጠራው ሰው ካለ፣ እኔ አልስማማም። ሙት መልስ አይሰጥም። እውነቱም አብሮ ተቀበረ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 2ን እስቲ ደግመህ አንብብ። ሰው መሥዋዕት ሲያቀርብ፣ ሥጋው ገና እየተቀቀለ ሳለ፣ የካህኑ ሎሌ ሦስት ጣት ያለው ሜንጦ ይዞ ይመጣል። ወደ ድስቱ ይሰደዋል። ሜንጦው ያወጣው ሁሉ የካህኑ ነው። እምቢ ያለውን በግድ እወስዳለሁ ይለዋል። ሜንጦውን የያዘው ሊቀ ካህኑ ኤሊ አይደለም፤ ልጆቹም አይደሉም፤ ሎሌ ነው። ኤሊ ወሬውን ሰምቶ ልጆቹን ገሥጿል። «ልጆቼ ሆይ» ብሎ መክሯቸዋል። ሆኖም እግዚአብሔር አውቆ አልከለከላቸውም ብሎ ፈረደበት። መገሠጽና መከልከል ይለያያሉ። ኤሊ ተናገረ፤ ግን በቦታቸው ተዋቸው።

አንተም ልጁ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ አልከኝ። ሜንጦው ወደ ሌላ ድስት ሄደ ማለት ነው።

ኤሊ የቤተ መቅደስ ሰው እንደነበረም አልረሳሁም። ቃሉ ከሚኒስትሮች በፊት የሚነካው እኛን ነው፣ በቤተ ክርስቲያን ገንዘብና ሰው ላይ የተሾምነውን።

«አላወቅሁም» የሚለውስ? በእውነት ሊያውቅ ያልቻለ ሰው አለ። እሱ ኃጢአተኛ ነው አልልም፤ ግን ስላላወቀ በደሉን ከመጠገን ነፃ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ግን አለማወቅ የሚመጣው ካለመጠየቅ ነው። ኢዮብ ሹም በነበረበት ዘመን ምን ያደርግ እንደነበር በምዕራፍ 29 ይናገራል፦ «የማላውቀውንም ሰው ክርክር መረመርሁ»። የማላውቀውን! ማወቅ የፈለገ ሹም ድኻው የሚደርስበትን በር ይከፍታል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩትን አዳራሽ «አይጠየፍ» ማለታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ በሩ ማንንም አይጸየፍም። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን «በማንም ላይ ፈጥነህ እጆችህን አትጫን፥ በሌሎችም ኃጢአት አትተባበር» ይለዋል። የተናገረው ስለ ክህነት ሹመት ነው፤ ነገሩ ግን ለማንም ሿሚ ይሠራል። ዘመዱን ወይም ወዳጁን ሳይመረምር የሾመ ሰው፣ ያ ሰው ሲያጠፋ «ግለሰቡ ነው» ማለት አያምርበትም።

አንተ ደግሞ «አላወቅሁም» ልትል አትችልም። ነግረውሃል። የኃላፊህን መልስ ለኃላፊህ ተውለት፤ የአንተ ሒሳብ ኮሪደሩ ላይ ነው ያለው።

አብሽር፣ በሩ አልተዘጋም። መጀመሪያ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ፣ አንድም ሳታስቀር ንገራቸው። ግን እዚያ አልቅሰህ ብቻ አትመለስ፤ እንባህ የእናቲቱን ብድር አይከፍልም። ዘኬዎስ ጌታን ሲቀበል የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። ሰኞ ጠዋት የሰማኸውን በጽሑፍ አድርገህ ለኃላፊህ ስጥ፣ ግልባጩን ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክፍል አድርስ። አንተም ሰምተህ ማለፍህን እዚያው ጻፈው፤ እሱን ከደበቅህ ደብዳቤው ግማሽ እውነት ይሆናል። ሊያስኮርፍብህ ይችላል። ጥቅምህንም ሊነካ ይችላል። ያንን አልደብቅህም።

ምርመራው ጊዜ ይወስዳል። አበዳሪው ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ገንዘቡ እስኪመለስላቸው ከደመወዝህ የምትችለውን አድርግላቸው። ይህንን ሌላ ሰው ባያውቀው ይሻላል።

የእናቲቱ ስልክ ከመዝገቡ ላይ አይጠፋም። ደውልላቸው። ቢሮ ይምጡ አትበል፤ አንተ ቤታቸው ሂድ። ያን ቀን ኮሪደር ላይ የጀመሩትን ነገር፣ ተቀምጠህ አስጨርሳቸው።