የጡረታ መዋጮዎ በስምዎ መግባቱን አስቀድመው ያረጋግጡ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ዕድሜዎ 34 እንደሆነ፣ ካዛንቺስ በሚገኝ የግል ድርጅት አራት ዓመት እንደሠሩ፣ ከነጥቅማ ጥቅሙ በወር 20,000 ብር እንደሚከፈልዎ፣ ባንክ 85,000 ብር እንዳለዎትና በወር 3,000 ብር እቁብ እንደሚጥሉ ገልጸው፣ «በእርጅናዬ የሰው እጅ እንዳላይ ገንዘቤን የት ላስቀምጥ?» ብለዋል። ከእኔ በፊት የመለሱልዎ ስለ አክሲዮን፣ ስለ ወርቅና ስለ መሬት ጽፈዋል። እኔ ግን 26 ዓመት ተቀጥሬ ስሠራ ከደረሰብኝ ተነስቼ፣ ከሁሉ በፊት ሊያዩት የሚገባዎ በየወሩ ከደመወዝዎ የሚቆረጠውን የጡረታ መዋጮ ነው እላለሁ።

የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በ2003 ዓ.ም. ሲወጣ ቸርችል ጎዳና ላይ በነበረ አንድ አስመጪ ድርጅት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የደመወዝ መክፈያው ላይ «ጡረታ» የሚል ዓምድ ተጨመረ፤ በየወሩ ገንዘብ ከፋዩ ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ ያሳየኛል፣ እኔም ፈርሜ እወጣለሁ። ከተቆረጠ ገብቷል ብዬ ስላመንኩ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ከዓመታት በኋላ ሥራ ስቀይር የአገልግሎት ዘመኔን ለማጣራት ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የነበረችው ሠራተኛ ዝርዝሩን አውጥታ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችልኝ፤ የ19 ወር መዋጮ አልገባም። ድርጅቱ ከደመወዜ ቆርጦ ለራሱ ሥራ አውሎታል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የደመወዝ ስሊፖቼን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጥልኝ ስለነበር እነሱን ይዤ ወራት ተመላለስኩ፤ የ11 ወሩ ተከፈለልኝ። ለቀሪው ስምንት ወር ግን ስሊፕ አልነበረኝም፤ ክርክሩ ሳያልቅም ድርጅቱ ተዘጋ።

ስሌቱን ማወቅም ይጠቅምዎታል። በግል ድርጅት ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ በ60 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ ተይዞ 30 በመቶው ይታሰብለታል፤ ከ10 ዓመት በላይ ለሠራው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 10 ዓመት ያልሞላው ሰው ወርኃዊ ጡረታ ሳይሆን ዳረጎት፣ ማለትም አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ፣ ነው የሚያገኘው። እርስዎ ሳያቋርጡ እስከ 60 ቢሠሩ 30 ዓመት ይሞላዎታል፤ ይህም 55 በመቶ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሰላው አበል ሳይጨመር በመደበኛ ደመወዝ ላይ ብቻ ነው። ከሚከፈልዎ 20,000 ብር ውስጥ መደበኛው 12,000 ብር ቢሆን፣ ዛሬ ባለው ልክ ጡረታዎ 6,600 ብር ነው ማለት ነው፤ ሙሉው መደበኛ ቢሆን ግን 11,000 ብር ይሆን ነበር። ብዙዎቻችን ግብር ይቀንስልናል ብለን ጭማሪው በትራንስፖርት አበል እንዲሆንልን እንጠይቃለን፤ እኔም ጠይቄ ነበር፣ ዛሬ ግን ይቆጨኛል። በሚቀጥለው የደመወዝ ድርድር ጭማሪው በመደበኛ ደመወዝዎ ላይ እንዲሆን ይጠይቁ።

ጡረታው ብቻውን እንደማይበቃ ከዚሁ ስሌት ይታያል፤ ስለዚህ የራስዎ ቁጠባ ያስፈልጋል። ባንክ ያለዎትን 85,000 ብር ግን ለእርጅና ያኖሩት አድርገው አይቁጠሩት። እሱ የሕመም፣ የሥራ ማጣትና የድንገተኛ ጉዳይ ገንዘብ ነው፤ ባለበት ይቆይ። ባንኩ ቢወድቅ እንኳ የተቀማጭ ገንዘብ መድን እስከ 100,000 ብር ድረስ ስለሚሸፍን በዚህ በኩል ስጋት አይግባዎ። ጡረታ እስኪወጡ ለ26 ዓመት የሚቆጥቡት ሁሉ እዚያው ይቀመጥ ቢባል ግን አልስማማም፤ በ2014 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የድንገተኛ ጉዳይ ገንዘብ ግን ባንክ ይኑር የምለው ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው፤ እናቴ የታመመች ጊዜ ሐኪም ቤቱ ሳያስተኛት ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀን፤ የነበረኝ ሁሉ እቁብ ላይ ነበር፣ ዕጣዬም ገና አልወጣም። በሌሊት የጎረቤት በር አንኳኩቼ ነው ገንዘቡን ያገኘሁት። ዛሬም ይህን ሳስብ ሆዴ ይላወሳል።

እቁብን ግን አልነቅፍም፤ ብቻዬን ሆኜ ያላጠራቀምኩትን ያጠራቀምኩት በእቁብ ነው። ነገር ግን ወለድ ስለሌለው፣ 20 ሰው ባለበት እቁብ በመጀመሪያው ወር 60,000 ብር የደረሰው ሰው የገዛውን ያህል በ20ኛው ወር የደረሰው አይገዛም። ስለዚህ ዓላማውን አስቀድመው ይወስኑ፤ ዕጣው እንደወጣልዎም በዚያው ሳምንት ሥራ ላይ ያውሉት። የእቁቡ ዳኛ ከፈቀደና ዕጣውን የሚሸጥ ሰው ካገኙ፣ ጥቂት ከፍሎ ቀደም ብሎ መውሰድ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

አክሲዮንን በተመለከተ፣ ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ መጠን ደግሞ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር፤ እኔም ትንሹን መጠን ገዝቻለሁ። አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጥር 2017 ሥራ ስለጀመረ መንገዱ ከበፊቱ ይሻላል። ቢሆንም ለመሸጥ በፈለጉበት ቀን ገዢ ላያገኙ ስለሚችሉ፣ ለዓመታት በማይነኩት ገንዘብ ብቻ ይግዙ። ከወርቅ ቤት የሚገዙት ጌጥ ደግሞ መልሰው ሲሸጡት ለሠሪው የከፈሉት የእጅ ዋጋ እንደማይመለስልዎ ይወቁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር ልመልስዎ። በዚህ ሳምንት ከሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይውሰዱና የአራቱ ዓመት መዋጮ በየወሩ መግባቱን ራስዎ ጡረታ መሥሪያ ቤት ሄደው ያጣሩ። ያልገባ ወር ካገኙ በቃል አይጠይቁ፤ በደብዳቤ ጠይቀው፣ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ቅጂዎ ላይ ያስጽፉ። ስሊፖችዎ ጠፍተውብዎት ከሆነም ደመወዝ የሚገባበት ባንክ የአራት ዓመት ስቴትመንት እንዲያወጣልዎ ይጠይቁ፤ የተጣራ ክፍያዎን ብቻ ቢያሳይም በእያንዳንዱ ወር ሥራ ላይ እንደነበሩ ያስረዳልዎታል።