ሞርጌጅ፣ ክሬዲት ካርድ፣ እቁብ፦ ዕዳ እየከፈሉ መቆጠብ

ጥያቄዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በሞርጌጅ (በቤት ብድር) ቤት ገዝተው ዕዳ ለሚከፍሉ ወገኖች የሚሆኑ ናቸው። መልሶቹም የዚያን አገር አሠራር ብቻ የሚመለከቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር 300,000 ዶላር በ6.5 በመቶ ለ30 ዓመት ተበድረናል። ክሬዲት ካርድ ላይ 24 በመቶ የሚታሰብበት 6,000 ዶላር አለብን። ከወር ወጪያችን 400 ዶላር ይተርፋል። ቤቱ ላይ እንጨምረው ወይስ እናስቀምጠው?

መልስ፦ ካርዱን ጨርሱ። 6,000 ዶላር በ24 በመቶ በመጀመሪያው ወር ብቻ 120 ዶላር ወለድ ይወልዳል። በወር 200 ብትከፍሉ ለመጨረስ 4 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ወለዱም ወደ 3,250 ዶላር ይጠጋል። 400ውን ሙሉ ከከፈላችሁ ግን በ18 ወር ያልቃል፣ ወለዱም 1,200 ዶላር ገደማ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ባንክ ውስጥ 1,500 ዶላር ያህል ይኑራችሁ። የመኪና ጎማ ወይም የቤት ማሞቂያ በተበላሸ ቁጥር ወደዚያው ካርድ የሚመለስ ሰው ዕዳውን አይጨርስም። ካርዱን ደግሞ ለአስቤዛ መጠቀም አቁሙ። ዕዳው ተጠቃልሎ ካልተከፈለ አዲሱ ግዢ ብዙውን ጊዜ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል።

ካርዱ ካለቀ በኋላ 400ው ወደ ቤቱ አይሂድ። መጀመሪያ የ3 ወር ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ ይሙላ። ቤት ውስጥ የገባ ገንዘብ ሥራ በጠፋ ማግስት ተመልሶ አይወጣም። መውጫው ቤቱን መሸጥ ወይም በቤቱ ላይ መበደር ነው፤ ሥራ ለሌለው ሰው ደግሞ ባንክ በአብዛኛው አያበድርም።

ጥያቄ፦ በየወሩ 200 ዶላር ጨምሬ ብከፍልም ዕዳው እንደጠበቅሁት አልቀነሰም። ምን ይሆን?

መልስ፦ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛው የብድሩ ባሕርይ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ብድር ወርሃዊው ክፍያ፣ ታክስና ኢንሹራንስ ሳይጨመር፣ 1,896 ዶላር ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 1,625ቱ ወለድ ነው፤ ዋናውን ዕዳ የሚነካው 271 ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ነው፣ በብዛትም ያጋጥማል። ክፍያውን የሚቀበለው ኩባንያ ጨምራችሁ የከፈላችሁትን እንደ መጪው ወር ክፍያ ይዞት ይሆናል። በድረ ገጹ ስትከፍሉ «ተጨማሪ ፕሪንሲፓል» (ተጨማሪ ለዋናው ዕዳ) የሚለውን ሣጥን ምረጡ፤ በቼክ ከሆነም ቼኩ ላይ ጻፉት። በሚቀጥለው ስቴትመንት (የሒሳብ መግለጫ) የመክፈያው ቀን ወደፊት ከተገፋ በስህተት ገብቷል ማለት ነው። ደውላችሁ ወደ ፕሪንሲፓል እንዲዛወር ጠይቁ።

በትክክል ሲገባ ውጤቱ ትልቅ ነው። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ 200 ቢጨመር ያ ብድር በ30 ሳይሆን በ23 ዓመት ያልቃል፣ ከ100,000 ዶላር በላይ ወለድም ይቀራል። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ክፍያ እናስከፍልላችሁ ብለው የአገልግሎት ዋጋ የሚጠይቁትን ግን ተዉአቸው። የሚያደርጉት በዓመት 13ኛ ክፍያ መጨመር ነው። 1,896ን ለ12 አካፍሎ በየወሩ 158 ዶላር መጨመር ያንኑ ይሠራል፣ ያውም በነፃ።

ጥያቄ፦ ወለዱ የማይለወጥ ነው ተብዬ ገዝቼ ክፍያዬ ዘንድሮ ጨመረ። ተታልዬ ነው?

መልስ፦ አልተታለሉም። የጨመረው ኢስክሮው ነው፤ ኩባንያው ለንብረት ታክስና ለቤት ኢንሹራንስ በየወሩ የሚሰበስበው ማለት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ይታሰባል። ጎድሎ ከተገኘ ጉድለቱ በ12 ወር ተከፋፍሎ ይጨመራል፣ ከአዲሱ ከፍ ያለ ተመን ጋር። ጉድለቱን በአንዴ ከከፈሉ ክፍያው በከፊል ይወርዳል። የኢንሹራንስ ዋጋ በየዓመቱ ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ያወዳድሩ። ሜሪላንድ ከሆኑና በራስዎ ቤት የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ የሆምስቴድ ታክስ ክሬዲት ማመልከቻ ገብቶ እንደሆነ ያረጋግጡ። የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ታክስ የሚታሰብበት የቤቱ ግምት በየዓመቱ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳያድግ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ፒኤምአይ መቼ ነው የሚቀርልኝ?

መልስ፦ ፒኤምአይ እርስዎ እየከፈሉ አበዳሪውን የሚጠብቅ የብድር ኢንሹራንስ ነው። መደበኛ (መንግሥት ዋስ ያልሆነበት) ብድር ከሆነ ዕዳው ከቤቱ የመጀመሪያ ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ በጽሑፍ ያመልክቱ። በ320,000 የተገዛ ቤት ከሆነ 256,000 ሲደርስ ነው። ዝም ካሉ በክፍያ ሰሌዳው 78 በመቶ በሚደርስበት ቀን ራሱ ይቀራል፣ ክፍያ ካልተጓደለ። ከ80 እስከ 78 ያለው ጊዜ ባለማመልከት ብቻ የሚባክን ገንዘብ ነው።

ኤፍኤችኤ (የፌዴራል መንግሥት ዋስ የሆነበት ብድር) ከሆነ ሌላ ነው። ከሰኔ 2013 ወዲህ ከ10 በመቶ በታች ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) የከፈለ ሰው ኢንሹራንሱን እስከ ብድሩ መጨረሻ ይከፍላል። መውጫው ወደ መደበኛ ብድር ሪፋይናንስ ማድረግ (አሮጌውን ብድር በአዲስ መተካት) ነው። 10 በመቶና ከዚያ በላይ የከፈለ ከ11 ዓመት በኋላ ይቀርለታል።

ጥያቄ፦ እቁብ ገብቻለሁ፣ 20 ሰው፣ በወር 500 ዶላር። ዕዳ እያለብኝ ያዋጣል?

መልስ፦ የሚወስነው ዕጣው ነው። 10,000ው በ2ኛው ወር ቢወጣልዎ ያለ ወለድ የተገኘ ብድር ነው፤ የ24 በመቶ ካርድ ለመዝጋት ከዚህ የተሻለ አይገኝም። በ19ኛው ወር ከሆነ ግን ያለ ወለድ ያጠራቀሙት የራስዎ ገንዘብ ነው። ያው ገንዘብ 4 በመቶ በሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ቢቀመጥ በ20 ወር ከ300 ዶላር በላይ ወለድ ያገኝ ነበር። ስለዚህ የካርድ ዕዳ ያለበት ዳኛውን አስቀድሞ ያነጋግር፣ ወይም ዕጣ ከወጣለት ሰው ጋር ይቀያየር።

ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። ባንክ ያለ ገንዘብ እስከ 250,000 ዶላር በኤፍዲአይሲ (የባንክ ተቀማጭን ዋስ የሚሆን የመንግሥት ድርጅት) ዋስትና አለው፤ እቁብ ያለው ዋስ ሰው ብቻ ነው። ባንክ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል፤ ይህ ወንጀል አይደለም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ከፋፍሎ ማስገባት ግን ወንጀል ነው፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም። ሪፋይናንስ የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ አበዳሪው የቅርብ ወራት ስቴትመንት አይቶ ትልቁ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። የአባላት ዝርዝርና የከፈሉበት ማስረጃ በእጅዎ ይኑር።

ጥያቄ፦ ኡበር ነው የምነዳው። ሚያዝያ ሲመጣ የቆጠብኩትን ሁሉ ታክስ ይወስደዋል።

መልስ፦ ከመጀመሪያውም የእርስዎ ቁጠባ አልነበረም። ከተጣራ ገቢ ላይ ለሶሻል ሴኪዩሪቲና ለሜዲኬር ብቻ 15.3 በመቶ ይታሰባል፤ የገቢ ግብሩ ከዚያ በላይ ነው። ከየሳምንቱ የተጣራ ገቢ ከ25 እስከ 30 በመቶ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ያስቀምጡ። በዓመት 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የታክስ ዕዳ የሚመጣበት ሰው ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ላይ ከፋፍሎ መክፈል አለበት፤ አለዚያ ቅጣት ይጨመርበታል። ማይልዎን በየቀኑ ይመዝግቡ፤ ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም ከገቢ ይቀነስ ነበር። ቤንዚንና ጥገና ግን ለብቻ አይቀነሱም፣ በማይሉ ተመን ውስጥ ናቸው። የሥራ ፓርኪንግና የመንገድ ክፍያ ይቀነሳሉ።

ጥያቄ፦ ዕዳ እስኪያልቅ የፎር ኦ ዋን ኬ (በቀጣሪ በኩል ያለ የጡረታ ቁጠባ) መዋጮዬን ላቁም?

መልስ፦ ቀጣሪዎ የሚጨምርልዎ ካለ እሱን የሚያስገኘውን ያህል አያቋርጡ። 50 ሳንቲም በዶላር ከጨመረ በቅጽበት 50 በመቶ ነው፤ ካርዱም ይህን ያህል አያስከፍልም። ከዚያ በላይ ያለውን መዋጮ ካርዱ እስኪዘጋ ማቆም ይቻላል። ከፎር ኦ ዋን ኬው ተበድሮ ካርድ መክፈልን ግን አልመክርም። ሥራ ከለቀቁ ቀሪው ዕዳ ብዙውን ጊዜ የዚያ ዓመት ታክስ እስከሚገባበት ቀን መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ እንደ ገቢ ይታሰባል፣ ከ59 ዓመት ተኩል በታች ላለ ሰው ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር ሞርጌጅ ሳልከፍል ቆይቻለሁ። ስልክ ሲደወል አላነሳም።

መልስ፦ ዛሬውኑ ይደውሉ፣ እህቴ። በፌዴራል ደንብ በአብዛኛው ክፍያው 120 ቀን ሳያልፈው ቤት የማስወረስ ሒደት አይጀመርም። እርስዎ ግማሹን ፈጅተዋል። «ሎስ ሚቲጌሽን» (ቤቱ እንዳይወረስ መፍትሔ የሚጠየቅበት) ማመልከቻ ይጠይቁ፣ የተሟላ አድርገው ያስገቡ፣ ያነጋገሩትን ሰው ስምና ቀን ይጻፉ። ሃድ (የፌዴራል የቤቶች ሚኒስቴር) ያጸደቃቸው የቤት አማካሪዎች ማስወረስን ለመከላከል የሚሰጡት ምክር በነፃ ነው። «ቤትዎን እናድናለን» ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ወይም የቤቱን ስም አዛውሪልኝ የሚል ሰው ቢመጣ አንድም ወረቀት አይፈርሙ። እስከዚያው ካርዱ ይጠብቅ፣ ቤቱና የሚሠሩበት መኪና ይቅደሙ።