ዝም ያለ ፓርቲ ምን ያተርፋል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ጋሼ ሰላም ኖት? ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ ምርጫ ሲመጣ እመርጣለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገሮት የካምፔይን ሰሞን ቲቪ መክፈት ያስጠላኛል። አንዱ ያንዱን ስም ያጠፋል ሌላው መልሶ ያጠፋል በቃ እንደዚሁ ነው። እናቴ ደሞ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ጨዋ ሰው ንቆ ይተዋል እንጂ መልስ አይሰጥም» ትለኛለች፣ እኔም እንደዛ ነው ሚመስለኝ። ለምንድነው ፓርቲዎች ክሱን ትተው ስለ ፕሮግራማቸው ብቻ ማያወሩት? ህዝብ እኮ እውነቱን ራሱ ያውቃል።

መልስ፦ እህቴ እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ ለጎረቤት ጠብ ምክራቸው ልክ ነው፣ ለምርጫ ግን አይሰራም። ጎረቤት ስንት አመት አይቶሻል፣ ስላንቺ የሆነ ወሬ ሲሰማ ከሚያውቀው ጋር ያመዛዝነዋል። መራጩ ግን እጩውን ብዙም አያውቀውም፣ ሁለት ስራ ሰርቶ ማታ ገብቶ ቲቪ ፊት ትንሽ አረፍ ሚል ሰው ነው፣ ክሱን ሰምቶ መልስ ካልሰማ «መልስ ቢኖረው ዝም ይል ነበር እንዴ» ብሎ ነው ሚተኛው። ህዝብ ራሱ ያውቃል ያልሽው እሺ፣ ግን ማንም ካልነገረው ከየት አምጥቶ ይወቅ? አያቶቻችን ይሄ ገብቷቸው ነበር፣ በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ከሳሽ ሲያንበለብል ተከሳሽ «እኔ ጨዋ ነኝ» ብሎ ቁጭ ቢል ማንም አይፈርድለትም ነበር። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሚባለውም ለዚሁ ነው።

እስቲ ዱካኪስን ልንገርሽ፣ ምናልባት አልተወለድሽም ነበር። ማይክል ዱካኪስ የማሳቹሴትስ ገዢ ነበር፣ በ1988 ዴሞክራቶችን ወክሎ ከትልቁ ጆርጅ ቡሽ ጋር ሲወዳደር ጁላይ ላይ ከፓርቲው ጉባኤ በኋላ ጋሉፕ ሚባለው የህዝብ አስተያየት መለኪያ በ17 ነጥብ ይመራል ብሎ ነበር፣ 17 እኮ ቀልድ አይደለም። ጉባኤው ላይም ይሄ ምርጫ የርዕዮተ አለም ሳይሆን የብቃት ጉዳይ ነው አለ፣ ልክ አንቺ እንደምትፈልጊው ማለት ነው፣ ስለ ስራ ብቻ እናውራ። የቡሽ ሰዎች ግን ሌላ ነገር ይዘው መጡ። ዊሊ ሆርተን ሚባል በነፍስ ግድያ እድሜ ልክ የተፈረደበት እስረኛ በማሳቹሴትስ የእስረኛ ጊዜያዊ ፈቃድ ወጥቶ ሳይመለስ ይቀርና በ1987 እዚሁ እናንተ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ቤት ገብቶ ወንዱን በቢላ አቁስሎ እጮኛውን ደፈራት። ወንጀሉ እውነት ነው፣ ዘግናኝም ነው። ቡሽን ሚደግፍ አንድ ቡድን የሰውየውን ፎቶ ማስታወቂያ ላይ ለጠፈው፣ ጥቁር መሆኑ እንዲታይ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል፣ የቡሽ ካምፔይን ራሱ ደሞ እስረኞች በሚሽከረከር በር ገብተው ሲወጡ ሚያሳይ ማስታወቂያ ለቀቀ።

ታዲያ ዱካኪስ መልስ አጥቶ ነው? ኧረ ነበረው! ፕሮግራሙን የጀመረው እሱ አይደለም፣ በ1972 በሪፐብሊካኑ ገዢ በፍራንሲስ ሳርጀንት ጊዜ ነው የተጀመረው፣ ሬገንና ቡሽ ዋይት ሀውስ ተቀምጠው የፌደራል እስር ቤቶችም እስረኛን በፈቃድ ያስወጡ ነበር። እርግጥ በ1976 ነፍሰ ገዳዮች ፈቃድ እንዳያገኙ ሚከለክል ህግ ሲመጣለት ውድቅ ያደረገው እሱ ነው፣ ያ የራሱ እዳ ነው፣ ግን እሱንም ቢሆን ቀድሞ ወጥቶ ቢያስረዳ ይሻለው ነበር። ዱካኪስ ግን ህዝቡ ክሱን አያምነውም ብሎ ሳምንታትን አሳለፈ። ኦክቶበር ላይ ዲቤቱ መጣ፣ ጋዜጠኛው በርናርድ ሾው ሚስትህ ኪቲ ተደፍራ ብትገደል ለገዳዩ የሞት ፍርድ ትደግፋለህ ወይ ብሎ ጠየቀው፣ ዱካኪስ እንደ ስታትስቲክስ መምህር ቀዝቀዝ ብሎ የሞት ቅጣትን እድሜዬን ሙሉ ተቃውሜያለሁ ወንጀል ይቀንሳል ሚል ማስረጃ የለም ምናምን አለ። በቃ አለቀ። 40 ስቴት ቡሽ ወሰደ፣ ፕሬዝዳንቱን በሚመርጠው የስቴቶች ድምፅ (ኤሌክቶራል ኮሌጅ) 426 ለ111። ኋላ ላይ ዱካኪስ ራሱ መልስ አልሰጥም ማለቴ ጅልነት ነበር ብሎ ተናግሯል።

ቢል ክሊንተን ደሞ ይሄን ትምህርት ቀድሞ በራሱ ቆዳ ተምሮታል፣ በ1980 አርካንሳስ ላይ የመኪና ታርጋ ክፍያ ጨመረብንና የኩባ ስደተኞች አመጣብን እየተባለ ሲብጠለጠል በጊዜ አልመለሰም ነበርና ገዢነቱን አጣ። በ1992 ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር ሊትል ሮክ ውስጥ አሮጌ የጋዜጣ ቤት ህንፃ ላይ አማካሪዎቹ ጄምስ ካርቪልና ጆርጅ ስቴፋኖፖሎስ ሚመሩት ክፍል ተከፈተ፣ ስሙንም የጦርነት ክፍል አሉት፣ ስራው ክስ በመጣበት ቀን ማታ ዜና ላይ መልሱም አብሮ እንዲገባ ማድረግ ነበር። ደሞ መልሰው መልሰው ወደ ኢኮኖሚው ነበር ሚወስዱት፣ ያንቺ ፕሮግራም ማለት ነው። ፕሮግራም ሚሰማው ክሱን ካጠራሽ በኋላ ነው እህቴ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ መልስ መስጠት ወሬውን ላልሰማው ሰው ማሰማት አይሆንም? አንዳንዱ ውሸት እኮ ዝም ቢባል በራሱ ይሞታል።

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅክ፣ በ2004 የዴሞክራቶቹ የፕሬዝዳንት እጩ የነበረው የጆን ኬሪ አማካሪዎችም ልክ እንዳንተ ነበር ያሰቡት። ኬሪ ቬትናም የተዋጋ፣ ሲልቨር ስታርና ብሮንዝ ስታር ተሸልሞ በመቁሰሉ ደሞ 3 ፐርፕል ሀርት ያለው ሰው ነው። ኦገስት መጀመሪያ ላይ የስዊፍት ቦት (ኬሪ ቬትናም ላይ ያገለገለባት ዓይነት የጦር ጀልባ) አርበኞች ነን ያለ ቡድን ስለ ጦር ሜዳው ዋሽቷል ሚል ማስታወቂያ ለቀቀ። ማስታወቂያው የተገዛው በ3 ስቴት ብቻ ነው፣ ብሩም ትንሽ ነበር፣ ስለዚህ ብንመልስ እኛው እናገነዋለን አሉ። ሌላም ችግር ነበረባቸው፣ ኬሪ የመንግስት የምርጫ ገንዘብ ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል፣ የዴሞክራቶቹ ጉባኤ ከሪፐብሊካኖቹ አምስት ሳምንት ቀድሞ ስለነበር ያችኑ ብር እስከ ኖቬምበር ማብቃቃት ነበረበት፣ ኦገስት ላይ ማውጣት ፈሩ። ሂሳባቸው ሞኝነት አልነበረም። ግን ኬብል ቲቪው በነፃ ቀንና ማታ አወራው፣ ሴናተር ጆን ማክኬይን እንኳን፣ እሱ ሪፐብሊካን ሆኖ፣ ነውር ነው ሲል ኬሪ ራሱ ዝም ብሎ ኦገስት 19 ቦስተን ላይ ለእሳት አደጋ ሰራተኞች ሲናገር ነው ወጥቶ የመለሰው። ሁለት ሳምንት ሙሉ! ኦሃዮን በ118 ሺህ ገደማ ድምፅ አጣ፣ ኦሃዮን ካጣ ምርጫውን አጣ። በዛ ማስታወቂያ ብቻ ነው የተሸነፈው አልልህም፣ የኢራቅ ጦርነት ነበር፣ ሌላም ብዙ ነገር ነበር፣ ግን ትልቁን ሀብቱን፣ ወታደርነቱን፣ ቀሙት።

ስለዚህ አለካኩ እንዲህ ነው፦ ወሬው የተወለደበት ሰፈር ውስጥ ብቻ ከሆነ ተወው፣ ዋና ሚዲያ ከነካው ወይ የራስህ ደጋፊ «እውነት ነው እንዴ» ብሎ ደውሎ ከጠየቀህ ግን አልፏል፣ ያኔ ዝም ማለት አያዋጣም። ስትመልስም የነሱን አረፍተ ነገር እየደገምክ «አይደለሁም» አትበል፣ እውነቱን አስቀድም፣ ካንተ በላይ ሚታመን ምስክር ካለህ እሱን አናግር፣ ከዛ ደሞ ይሄን ለምን እንዳወሩ ጠይቅ፣ ምን ሊደብቁ ነው? በል። ጎበዝ ተከራካሪ መከላከል ላይ ብዙ አይቆይም።

ጥያቄ (ከሀዋሳ)፦ የአሜሪካኖቹ ብር አላቸው፣ ቲቪ አላቸው። እዚህ ሀገር አንድ ትንሽ ፓርቲ በምኑ ነው ሚመልሰው? ደሞ መልሱ ወደ ብሄር ስድብ ይሄድና ሀገር ያቃጥላል ብለን እንፈራለን።

መልስ፦ ፍርሀትህ ተገቢ ነው፣ አላቃልለውም። ግን በኛ አቆጣጠር የ1997ን ምርጫ አስታውስ። የገዢው ፓርቲ ሰዎች ተቃዋሚዎችን በሩዋንዳ ዘር ካጨፈጨፈው ኢንተርሃምዌ ሚባል ሚሊሻ ጋር እስከማመሳሰል ደርሰው ነበር፣ ከዚ በላይ ከባድ ክስ ምን አለ? ቅንጅትና ህብረት ያኔ ብር አልነበራቸውም፣ የነበራቸው በቲቪና በሬዲዮ በቀጥታ ሚተላለፍ ክርክር ነው፣ ብርሃኑ ነጋና ልደቱ አያሌውን ብዙ ሰው ያወቃቸው እዛ ላይ ነው፣ ስድብ ሲመጣ በቁጥርና በነገር ነበር ሚመልሱት፣ ስለ መሬት ስለ ማዳበሪያ ስለ ስራ አጥነት። ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ በደጋፊዎቻቸው ሞላ፣ ግንቦት 7 ላይ አዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ለቅንጅት ሰጠች። ከዛ በኋላ የሆነው ደም ያለበት ሌላ ታሪክ ነው፣ እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

አሁንም ምርጫ ቦርድ ሚደለድለው ነፃ የአየር ሰዓት አለ፣ ብዙ ፓርቲዎች ግን ያችን ሰዓት ፕሮግራማቸውን ከወረቀት እያነበቡ ይጨርሷታል፣ ሰው ይተኛል። የምርጫ አዋጁ፣ አዋጅ 1162፣ ውስጥ ያለው የስነ ምግባር ደንብም ለሁሉም ሚሰራ ነው፣ ተቀናቃኝህ ጥላቻ ሲሰብክ አቤት በል፣ አቤቱታህንም ለህዝብ አሳውቅ፣ እሱ ራሱ መልስ ነው። ብሄርን ግን አትንካ፣ ሰውየው ስላለው ነገር ተናገር እንጂ ስለመጣበት ዘር አንድ ቃል እንዳትወጣህ።

እና እባካችሁ አንድ ሰው መድቡ፣ ክስ ሲመጣ በሰዓታት ውስጥ ማንንም ሳያስፈቅድ መናገር ሚችል። የኛ ሀገር ፓርቲ ክሱ ሰኞ ይወጣል፣ ማእከላዊ ኮሚቴው አርብ ይሰበሰባል፣ መግለጫው በሚቀጥለው ማክሰኞ ማህተም ተደርጎበት አራት ገፅ ሆኖ ይወጣል፣ ማን ያንብበው?