«ከየት መጣ?» የሹፌሮችና የሞተረኞች ጥያቄዎች

ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ ክረምትና ስለ ጎማ ጽፌ፣ መጨረሻው ላይ ስለ ሞተረኞች ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ ጎማው የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። የቀረው ደብዳቤ በሙሉ ስለ ሞተር ነው። ግማሹ የሹፌር ስሞታ፣ ግማሹ የሞተረኛ ስሞታ። አንዲት እናት ደግሞ ሁለቱንም ወገን ረግመው «እግረኛስ?» ብለዋል። ልክ ነዎት እማማ፤ እሱ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል። ስድቡን አውጥቼ፣ ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ እነሆ።

ሞተረኛ ስቀድም ክላክስ ላድርግለት?

ጆሮው ሥር ደርሰው ከሆነ አያድርጉ። ከራቁ አንዴ፣ አጭር።

የቀኝ ፍሬቻ እያበራ አንድ ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ ሄደ። ሰውየው ጤነኛ ነው?

ጤነኛ ነው፤ ረስቶት ነው። መኪና ላይ መሪው ሲመለስ ፍሬቻው ራሱ ይጠፋል። አብዛኛው ሞተር ላይ ግን በእጅ ካላጠፉት አይጠፋም። ቀጭ ቀጭ የሚለውም ድምፅ ቢኖር በሄልሜትና በንፋስ መሃል አይሰማም። ስለዚህ የሞተርን ፍሬቻ ብቻ አይተው አይግቡ። ፍጥነቱ ሲቀንስና ሰውነቱ ሲያዘነብል ያን ጊዜ እመኑት። ሞተረኞች፣ አውራ ጣታችሁ ምን ሥራ አለበት? አጥፉት እንጂ።

«አይቻለሁ፤ መንገዱ ባዶ ነበር»

ይህን የጻፉልኝ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ከሥራ ሲመለሱ በቪትዛቸው ወደ ግራ ሊታጠፉ ቆሙ። አዩ። ባዶ ነው። ገቡ። ከፊት ለፊት የመጣ ሞተር ከቀኝ በራቸው ጋር ተላተመ። የልጁ እግር ተሰብሯል። ትራፊኩ ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት አላቸው። «በማርያም ስም፣ አይቻለሁ። እየበረረ ካልመጣ በቀር እንዴት አላየውም?» ይላሉ።

አምንዎታለሁ። ጥፋቱም የእርስዎ ነው። ሁለቱ አይጣሉም።

የራሴን ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት፣ ሊመሽ ሲል፣ ከአንድ ቅያስ ወደ ዋናው መንገድ ስወጣ ዳቦ የጫነ ሞተረኛ ጣልኩ። ፍጥነቴ ትንሽ ነበር፤ ጉልበቱ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነም፣ ተመስገን። ዳቦው ግን አስፋልቱ ላይ ተበተነ። አብረን እየለቀምን «በእውነት አላየሁህም» አልኩት። ቀና ብሎ «አይን ለአይን ተያይተናል እኮ ጋሼ» አለኝ። ያ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አይኔ ወደ እሱ ዞሯል። እኔ ነኝ ያላየሁት።

ይሄ የእኔና የእርስዎ ጉድ ብቻ አይደለም። ሃሪ ኸርት የሚባል የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄደ መርምሮ በ1981 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጣ። ሞተርና ሌላ ተሽከርካሪ ከተጋጩባቸው ሦስት አደጋዎች በሁለቱ መንገድ የነጠቀው ባለመኪናው ነበር። ብዙውን ጊዜ እንደ እርስዎ ወደ ግራ ሲታጠፍ። ሹፌሮቹ የሚሉት ያው ነው፦ አላየሁትም፣ ወይም ያየሁት ከረፈደ ነው። «እየበረረ ነበር» ላሉትም መልስ አለው። ከአደጋው በፊት ሞተረኞቹ የነበሩበት መካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሄ መብረር አይደለም።

ታዲያ ለምን አይታይም? ግራና ቀኝ ስንቃኝ አይናችን እንደ ቪዲዮ ካሜራ ሳያቋርጥ የሚቀርጽ ይመስለናል። አይን ግን የሚሄደው እየዘለለ ነው። በዝላዩ መሃል አንጎላችን ምስል አይቀበልም፤ ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል። አውቶብስ ሰፊ ስለሆነ ከክፍተቱ ይተርፋል። ቀጭን ሞተር ግን እዚያው ውስጥ ሊቀር ይችላል። ሌላው ምሰሶው ነው፤ የፊት መስታወቱንና በሩን የሚለየው። ቁጭ ብለው አንድ አይን ጨፍነው ይሞክሩት፤ ከዚያ ጀርባ ሞተር ከነሰውየው ይደበቃል። መኪናዎና ሞተሩ እኩል እየተጠጉ ከሆነ ደግሞ ምሰሶው አብሮት እየሄደ እስከ መጨረሻው ሊሸፍነው ይችላል። ከሩቅ የሚመጣ ትንሽ ነገር ደግሞ ካለበት የራቀና የዘገየ ይመስላል። «ገና ነው፣ እደርሳለሁ» የምንለው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ምክንያት ግን ከአይን አይደለም፤ ከልብ ነው። መገናኛ ላይ ስንወጣ የምንፈልገው እኛን የሚጎዳንን ነው። ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ሲኖትራክ። እነሱን አንስትም። ሞተር እኛን አይጎዳንም፤ ስለዚህ አንፈልገውም። ያልፈለግነውን አናይም።

እኔ ከዳቦው ቀን በኋላ የያዝኩት ልማድ ይሄ ነው። ከመግባቴ በፊት አይኔን በእያንዳንዱ አቅጣጫ አቆመዋለሁ፣ አላንሸራትተውም። ከዚያ ከወገቤ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ከምሰሶው ጀርባ አያለሁ። እንደገና ወደ መጀመሪያው አቅጣጫ እመለሳለሁ። በሆዴም «ሞተር አለ?» እላለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ለሞተረኞችም አንድ ነገር አለኝ፣ እንዳታኮርፉ። ቀንም ቢሆን መብራት አብሩ። ኒውዚላንድ ኦክላንድ ውስጥ የተሠራና በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። አንጸባራቂ ልብስ የሚለብሱ ሞተረኞች የመጎዳት ዕድላቸው በ37 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ነጭ ሄልሜት ከጥቁሩ ጋር ሲወዳደር በ24 በመቶ። ቀን መብራት ማብራት በ27 በመቶ። መስቀለኛ መንገድ ላይ አይሱዙ ጥላ ሥር ተለጥፋችሁ አትግቡ፤ እሱ ሲያልፍ ከኋላው የምትመጡትን ማንም አይጠብቃችሁም።

ለጠያቂዬ፦ ልጁን ሄደው ይጠይቁት። ሽምግልናው ጥሩ ነው፣ ግን በትራፊክ የተመዘገበና መድን ድርጅትዎ የሚያውቀው ጉዳይ ይሁን። የቀረውን የሕግ ሰው ይንገርዎት።

ታክሲ ሲቆም በቀኝ ባልፍ ምን አለበት?

የዴሊቨሪ ልጅ ነው፣ 23 ዓመቱ። ሚኒባሶች ፍሬቻ ሳያሳዩ መሃል መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ በግራ መኪና ይበዛል፤ በቀኝ ሲያልፍ ባለፈው ሳምንት ከታክሲ የወረዱ እናት ገጨ። እሳቸው ደህና ናቸው። «ጥፋቱ የታክሲው አይደለም ወይ?» ይላል።

አይደለም፣ ወንድሜ። የታክሲው ጥፋት አቋቋሙ ነው። የሚኒባስ በር በቀኝ ነው፤ ሰው የሚወርደው በቀኝ ነው። ይህን አንተም ስትሳፈር ኖረሃል። ከቆመ ታክሲ ቀኝ ማለፍ በሰው ቤት ደጃፍ ላይ በሞተር ማለፍ ነው። ትዕዛዙ ይዘገያል፣ ደንበኛው ይጮሃል፣ አውቃለሁ። ሽሮውን ያሙቁት።

ረዳቶች፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል። በሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንገታችሁን አውጥታችሁ ወደ ኋላ እዩ። ለጩኸት የምታወጡት አንገት ለዚህም ይበቃል። የቤት መኪና ያላችሁ ደግሞ የግራ በራችሁን በቀኝ እጃችሁ ክፈቱ። ሞክሩት። ሰውነታችሁ ራሱ ስለሚዞር ሳትፈልጉ ወደ ኋላ ታያላችሁ።

ሹሩባዬን ሄልሜት ያበላሽብኛል

ጠያቂዋ ወንድሟ ኋላ ተቀምጣ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ቀሚስ ስለምትለብስ ወደ ጎን ነው የምትቀመጠው። ሄልሜት አታደርግም፤ ሹሩባው ገና አዲስ ነው።

እህቴ፣ ቀጭን ሻሽ ከሥር አድርጊ፤ ሹሩባውም ይድናል፣ ንጽሕናውም ይጠበቃል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 61 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ማሰሪያው ካልታሰረ ግን ከባርኔጣ አይሻልም። ወደ ጎን መቀመጡን ተዪው፤ ሞተሩ ሲያዘነብል ሚዛኑን ታስቺዋለሽ። ሱሪ ልበሺና ቀሚሱን ቢሮ ቀይሪ። የነጠላሽንም ጫፍ ሰብስቢ፤ ጎማው ወይም ሰንሰለቱ ከያዘው አንቺንም ይዞ ነው የሚሄደው።

የወደቀ ሄልሜት ገዝቼ ነበር፣ ይሠራል?

አይሠራም። ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፣ ከውጭም አይታይም።

መስታወት ይዘጉብኛል

ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሞተረኛ ነው። መብራት ላይ አጠገባቸው ሲቆም ሹፌሮች መስታወት ይዘጋሉ፣ ስልካቸውን ይደብቃሉ። «ሌባ እመስላለሁ?» ይላል።

አትመስልም። ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ታውቀዋለህ። የአዲስ አበባ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ሞተር እንዳይንቀሳቀስ የከለከለው በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያ በዝቷል ብሎ ነው። በኋላ ለሥራ የሚያስፈልጉት እየተለዩ ተመለሱ። ፍርሃቱ ግን አብሮ አልተነሳም። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ስልኩን የሚደብቀው ሹፌር አይቶሃል! በሰው ሌብነት ሲጠረጥርህ ጥርት ብለህ ትታየዋለህ፤ ሊታጠፍ ሲል ትሰወርበታለህ። አንተ ሥራህን ሥራ።

ካሊፎርኒያ ሞተሩ በሁለት መኪና መሃል ሽው አለ

ቨርጂኒያ የሚኖር ኡበር የሚነዳ ወንድማችን ዘመድ ጥየቃ ካሊፎርኒያ ሄዶ ደነገጠ። ሕጋዊ ነው ወይ ይላል።

እዚያ ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ተፈቅዷል። ቨርጂኒያ ግን ክልክል ነው። ክልክል በሆነበትም ቢሆን ሞተረኛ መሃል ሲገባ «ላሳየው» ብሎ መንገድ የሚዘጋ አለ። ሞተረኛው የጣሰው ደንብ ነው፤ አንተ የምትሰብረው እግር ነው።

ከወደቅኩ ሦስት ሳምንቴ ነው

ይህን አላሳጥርም። ልጁ ከሞተር ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ያን ቀን ደህና ነበር። አሁን ራሱን ያመዋል፤ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰዋል፤ የሰው ስም ይጠፋበታል። እናቱ ፀበል ብለውታል፣ ጓደኛው ማስታገሻ ሰጥቶታል። የጠየቀኝ ደግሞ መቼ ወደ መንዳት እንደሚመለስ ነው!

ዛሬ ሆስፒታል ሂድ። ነገ አይደለም። ከምት በኋላ ደም ራስ ቅል ውስጥ ቀስ እያለ ሊጠራቀምና ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። እኔ የመኪና ነገር ጸሐፊ ነኝ፤ ይህን ሐኪም ነው የሚለየው፣ ምናልባትም በሲቲ ስካን። ፀበሉን አልከለክልህም። ሐኪሙ ግን ይቅደም። ሰው ይዞህ ይሂድ፤ አንተ አትንዳ። ስትመለስ ጻፍልኝ።

ሞተረኛ ወድቆ ብናገኝ?

መጀመሪያ ከኋላ የሚመጣውን መኪና አስቁሙ። ሄልሜቱን አትንቀሉ፤ አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ ታባብሱበታላችሁ። ትንፋሹ ከታፈነና ሌላ መንገድ ከሌለ ያ ሌላ ነው፤ ያኔም አንዱ ጭንቅላቱንና አንገቱን ይዞ፣ ሌላው ቀስ ብሎ። እጅና እግሩን ይዛችሁ ታክሲ ውስጥ አትወርውሩት። ፊቱ ላይ ውሃ አታፍሱ፣ አታጠጡት። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ 939ም አለ። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ስልክ አውጥቶ የሚቀርጸውን ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ መኪና እንዲያስቆም አድርጉት፤ እጁ ሥራ ያገኛል።

የሦስተኛ ወገን መድን የራሴን ሞተር ያሠራልኛል?

አያሠራልህም፤ ስሙ ራሱ ሦስተኛ ወገን ነው። ዝርዝሩን መድን ድርጅትህን ጠይቅ። ገጭቶ ስላመለጠው መኪና ለጠየቃችሁኝ ግን አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ገጪው ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው የአካል ጉዳት የደረሰበት ሰው ከመድን ፈንድ ካሳ መጠየቅ ይችላል። የትራፊክ ማስረጃና የሕክምና ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ያዙ።

ልጄ ሞተር ግዛልኝ አለኝ። እንዴት ላስተወው?

አያስተውት። እርስዎ ባይገዙለት የጓደኛውን ተውሶ፣ ያለ ሄልሜት፣ ያለ መንጃ ፈቃድ ይነዳል። የመኪና መንጃ ፈቃድ አለኝ ካለዎት ለሞተር አይሆንም፤ የራሱ ምድብ አለው። መጀመሪያ ሥልጠናውን ይክፈሉለት፣ ከዚያ ሄልሜቱን፣ ሞተሩን በመጨረሻ። ሦስቱን እስኪያሟላ ፍላጎቱ ከበረደም ገንዘብዎ ተረፈ።

ስለ ጎማ የጠየቅከኝ ብቸኛ ሰው፦ አዎ፣ አልቋል። ቀይረው።