ሁለት ሚዲያ ሲዋሃድ ዕዳው ማን ላይ ያርፋል? ጥያቄና መልስ ከከዚራ

ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠን የሚዲያ ውህደት ወሬ ተነሳ። ጥያቄው በዛና መሸብን። ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ ስላሳለፍኩ የቀረውን በጽሑፍ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁለት ትልቅ ድርጅት አንድ ሲሆን ሀብቱ መደመር አልነበረበትም?

መልስ፦ ይደመራል። ግን ገዢው ብዙ ጊዜ የሚገዛው በብድር ነው፤ ብድሩን የሚከፍለው ደግሞ የተዋሃደው ድርጅት ነው። በ2019 የአሜሪካዎቹ የጋዜጣ ኩባንያዎች ጌትሃውስና ጋኔት ሲዋሃዱ አፖሎ ከተባለ የገንዘብ ድርጅት ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደሩ። ወለዱ 11.5 በመቶ ነበር። እስቲ አብረን እናስላው፦ በዓመት 207 ሚሊዮን ዶላር። ወለዱ ብቻ! ዋናው ገና አልተነካም። በመዋሃዳችን እንቆጥባለን ያሉት በዓመት እስከ 300 ሚሊዮን ነበር። ቢሳካላቸው እንኳ ሁለት ሦስተኛው ለአበዳሪ ነው። በዚያ ላይ ኮሮና መጣና ማስታወቂያው ወደቀ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ሁሌ ጋዜጠኛው ይባረራል?

መልስ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ኪራዩም ወለዱም በውል የታሰረ ነው፤ ቶሎ የሚቆረጠው ደሞዝ ብቻ ነው። ድሮ መጋላ አካባቢ ሁለት ትንንሽ ማተሚያ ቤቶች ሲዋሃዱ ሒሳባቸውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሁለት ጀነሬተር የነበረው አንድ ሆነ፤ ጥሩ ነው። የባንኩ ክፍያ ግን ወር በገባ በ5ኛው ቀን ከች ይላል። የደንበኛው ገንዘብ ሦስት ወር ይቆያል። ክፍተቱን ለመድፈን ፊደል አራሚዋን አሰናበቱ። ብዙም ሳይቆይ የሙሽራዋ ስም የተሳሳተበት 400 የሰርግ ጥሪ፣ በሲባጎ እንደታሰረ ጠረጴዛዬ ላይ ተከመረ። በነፃ ድጋሚ ታተመ። የወረቀቱ ዋጋ ከተሰናበተችው አራሚ የሁለት ወር ደሞዝ በለጠ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን አንጀቴ ነው ያረረው።

ጥያቄ፦ የኢንተርኔቱ ኩባንያ ኤኦኤልና የሚዲያው ኩባንያ ታይም ዋርነር 99 ቢሊዮን ዶላር ከሰሩ ሲባል ገንዘቡ የት ገባ?

መልስ፦ ከካዝና አልወጣም። በ2001 ሲዋሃዱ ንብረቱ በጣም ውድ ተብሎ ተመዘገበ። ያን ያህል እንደማያወጣ ሲታወቅ መዝገቡ ተስተካከለ። የ2002 ኪሳራ አብዛኛው ይኼ ነው። በ2009 ተለያዩ።

ጥያቄ፦ ዋርነር ብራዘርስና ዲስከቨሪስ?

መልስ፦ በ2022 ሲዋሃዱ ወደ 55 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ይዘው ነው የተነሱት። ሠራተኛ ቀነሱ፤ ቀረጻው ያለቀውን «ባትገርል» የተባለ ፊልም እንኳ ሳያሳዩ አስቀሩት። በ2024 ደግሞ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻቸውን ዋጋ በ9.1 ቢሊዮን ቀነሱ። ተመልካቹ ጣቢያ እየተወ ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ ዕዳው ግን አብሮ አይሄድም።

ጥያቄ፦ አቦ ጋሼ፣ የድሬና የሐረር ጣቢያዎች ቢዋሃዱስ?

መልስ፦ የእኛዎቹ የመንግሥት ናቸው፤ እንደነዚያ የአበዳሪ ሰይፍ አንገታቸው ላይ አይደለም። መኪናና ካሜራ ቢጋሩ ደስ ይለኛል። ቋንቋው ላይ ግን እሠጋለሁ። የጌይ ሲናን (የሐረሪ ቋንቋ) አዘጋጅ በሶማልኛ አዘጋጅ አይተካም። በጀት ሲጠብ ሁለቱን «አንድ ክፍል» ብሎ ማጠፍ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጀጎል ውስጥ በቋንቋዋ ዜና የምትጠብቀዋን እናት ማን ያስረዳልኝ?